የአሪቲው መደብ

ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲሸተኝ እግሬ ይቆማል። አስቤ አይደለም፤ በራሱ ነው የሚቆመው። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆች ፊደል የማስቆጥርበት ቤት ግድግዳው ስለ ተሰነጣጠቀ የተማሪዎቼ እናቶች ተሰብስበው ጭቃ አቦኩልኝ። እኔ ፊደል የተጻፈበትን ብራና ይዤ ከበሩ ስወጣ ሽታው ፊቴን መታኝና ባለሁበት ተገተርሁ።

"ምነው እትዬ? እሾህ ወጋዎት እንዴ?" አለችኝ አንዲት ተማሪዬ።

"የለም። ጫፍ ላይ የደረስሁ መስሎኝ ነው።"

ልጅቱ ግቢውን ዞራ አየች። ግቢው ሜዳ ነው፤ ጫፍ የሚባል ነገር የለውም። ጫፉ ያለው አንኮበር ነው፣ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ። እኔ ደግሞ ነገርን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም። ስለዚህ ከቦታው ልጀምር።

ቤታችን ከተራራው ወገብ ላይ ነበር። አንኮበር ላይ ሰው ቤት የሚሠራው ተዳፋቱን ቆርጦ፣ ድንጋይ ክቦ፣ ራሱ ባበጀው እርከን ላይ ነው። ከቤታችን በር እስከ አጥሩ በር ያለው መንገድ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ከመጀመሪያው እጥፋት በኋላ ትንሽ የውሃ ቦይ ያቋርጠዋል። ሁለተኛው እጥፋት ላይ ግን በግራ በኩል መሬቱ ያልቃል። ከዚያ በታች የሁለት ሰው ቁመት ያለው ካብ ነው፤ ከካቡ ሥር የጎረቤት ጣራ ይታያል። ያንን ቦታ "ጫፍ" እንለው ነበር። ሌላ ስም አልነበረውም።

እዚያ ቤት የምንኖረው ሦስት ነበርን፤ አያቴ መሪጌታ ተክሌ፣ እናቴና እኔ። አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ ሁሉም ብርቄ ይሉኝ ነበር።

አያቴን አባባ እላቸው ነበር። አባባ መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን በወስፌ እያሰመሩ፣ ቀለሙን እየበጠበጡ፣ በመቃ ብርዕ እየጻፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጎንብሰው ኖረዋል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያዩት አልነበራቸውም። እኔ የማውቀው ሞራ ግን በበዓል ከታረደው በግ ሆድ የሚወጣውን ነጭ ስብ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ አባባን እሳቱ ዳር ጠጋ በሉ እያልሁ እጎተጉታቸው ነበር።

"ኧረ ተቃጠልሁ ልጄ! ምን አድርጌሽ ነው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"እንዲቀልጥልዎ ነው፣ አባባ።"

"ምኑ?"

"ሞራው።"

አባባ ሳቁና ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል አስረዱኝ። ተረዳሁ ብዬም መለስሁ። እንዳልተረዳሁ ግን ከዚህ በታች ታያላችሁ።

አባባ ማየት ቢሳናቸውም በየማለዳው ለኪዳን ጸሎት ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። እጃቸውን መያዝ አይወዱም። "እጄን የያዘኝ ሰው ይጎትተኛል እንጂ መንገዱን አይነግረኝም" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በእጃቸው የጻፏቸው መጻሕፍት ነበሩ። ሲነበቡ ቆመው ይሰማሉ፤ አንባቢው ሲሳሳት ከኋላ ሆነው ያርሙታል፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

በዚያ ዓመት በሁዳዴ ጾም አባባ ጫፍ ላይ ወደቁ። ከካቡ ወገብ የበቀለ የጌሾ ቁጥቋጦ ነጠላቸውን ይዞ ባያስቀራቸው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግራ እጃቸው ወለም አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ እጃቸውን ይዛ ታደርሳቸው ጀመር፤ እሳቸውም በመንገድ ሁሉ ዝም ይላሉ።

ወሬው እንጦጦ ደረሰ። የእናቴ ወንድም አጎቴ ደስታ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ የንጉሡ ግቢ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። መልሱን ያመጣልን አያ ኑሩ ነው። አያ ኑሩ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከቆላ ይወጣል፣ ለአባባ ደግሞ ለቀለም የሚሆን ሙጫ ያመጣላቸው ነበር። አባባ መጻፍ ካቆሙ በኋላም ሙጫውን ማምጣት አልተወም። እናቴ "ኧረ አያ ኑሩ፣ ምን ያደርግልናል?" ስትለው "በዚህ ካልመጣሁ በምን ልምጣ?" ይላታል።

"ደስታ እንዲህ ብሏል" አለ አያ ኑሩ መሬት መሬት እያየ። "'መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ መጥቼ አባባን እወስዳቸዋለሁ። ከበራቸው እስከ አጥራቸው ብቻቸውን መሄድ ካልቻሉ እዚያ ምን ያደርጋሉ?'"

አባባም "ከቻልሁስ?" አሉ።

"እሱን አልነገረኝም፣ መሪጌታ።"

"እንግዲያው መጥቶ ይየው።"

ፋሲካ እንዳለፈ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስቱ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ፤ አባባ፣ አያ ኑሩና ጎረቤታችን እማሆይ ወለቴ። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ የመነኮሱ፣ በአካባቢው ሁሉ በጓሯቸው የሚታወቁ ሴት ናቸው። እኔ አጠገባቸው ባቄላ እፈለፍል ነበር፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ዘንድ ነው።

አሳቡን ያመጡት አባባ ናቸው። "ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል" አሉ። "አንባቢው ገና ሳይደርስበት አይቶ ይዘጋጃል። እኔም መንገዴ ላይ ቀይ ቀለም እፈልጋለሁ፤ በአፍንጫ የሚነበብ። በያለበት የሚሸት ተክል ትከሉልኝ። መታጠፊያው አንድ ሽታ፣ ቦዩ ሌላ ሽታ፣ ጫፉ ሌላ ሽታ ይኑረው።"

እማሆይ እጃቸውን አጨበጨቡ። "ዓይንዎ እያየ ሳለ ምነው ይህን አላሰቡም? ጓሮዎን ጎመን ብቻ አድርገውት ኖሩ!"

አባባ በትራቸውን አንሥተው አፈሩ ላይ ከበሩ እስከ አጥሩ ቀጥ ያለ መስመር ሳቡ። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ዐምድ አደረጉ፤ ዳርና ዳሩን ኅዳግ ተዉለት። ልክ ብራና ነበር የሚመስለው። ሳይታያቸው እንዲያ ቀጥ አድርገው መሳላቸው ገረመኝ።

"መሪጌታ፣ ይሄ የበግ ቆዳ አይደለም፤ ተራራ ነው" አሉ እማሆይ። "ይህን የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ሰኔ ሲገባ ጎርፉ ነው የሚያነብልዎ። መንገዱም እርከኑም ተራራው እንደ ዞረ ይዙሩ።"

"ወላሂ እማሆይ እውነት ተናገሩ" አለ አያ ኑሩ። "እኛ አገር ግን ቢመጡ ሌላ ነው። ለያንዳንዱ ተክል ጎድጓዳ እንቆፍርለታለን። ውሃው እዚያው ይተኛለታል።"

"እዚህ ውሃ ከተኛ ተክሉም አብሮ ይተኛል! በክረምት ጭስ እንኳ የሚረጥብበት አገር ነው። እኛ አፈሩን ከፍ አድርገን መደብ ነው የምንሠራለት።"

አያ ኑሩ ከት ብሎ ሳቀ። "አይቻለሁ እንጂ! እናንተ ደገኞች ጎመኑን እንደ ሹም መደብ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የቀረው ቡሉኮ ማልበስ ነው።"

"እናንተስ? እንደ ሌባ ጉድጓድ ትከቱት የለም ወይ?"

አባባ እየሳቁ የሣሉትን በእግራቸው አጠፉት። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማሙበትን በተራ ልንገራችሁ። መንገዱ ተራራውን ተከትሎ ይዞራል። በሁለቱም ዳር ጦስኝ ይተከላል፤ የአባባ በትር ሲነካው ሽታው ይነሣል፣ ሽታው ከጠፋ ከመንገድ ወጥተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ጤና አዳም ይቆማል። ቦዩ ዳር ናና ይሆናል፤ እሱን አያ ኑሩ ከአሊዩ አምባ ያመጣል። ጫፍ ላይ አሪቲ ይተከላል። የአሪቲው ቦታ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተጨነቁበት፤ አባባ እዚያ ሳይደርሱ ሊሸታቸው፣ እጃቸውን ሲዘረጉም ሊነካቸው ይገባል። ስለዚህ ከፍ ማለት አለበት።

ሥራው ተከፋፈለ። እናቴ መንገዱን እንደ ተራራው አዙራ ደለደለች፤ ጦስኝም ከላይ ከነአፈሩ እየነቀለች አመጣች። አያ ኑሩ ናናውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ይዞት መጣ። እማሆይ ጤና አዳሙን ከጓሯቸው ገንጥለው ሰጡ። በመጨረሻም አንዲት ሥር ያላት የአሪቲ ቡቃያ እጄ ላይ አስቀመጡና "ብርቄ፣ ጫፍ ላይ ለአሪቲው መደብ ሥሪለት" አሉኝ። "ከጉልበትሽ ከፍ ይበል። ዝናብ እንዳይበላውም ጠንከር አድርጊው።"

መደብ በቋንቋችን ሁለት ነው። አንዱ ተክል የሚተከልበት፣ ከፍ ብሎ የተከመረ ልል አፈር ነው። ሌላው ቤት ውስጥ በግድግዳው ጥግ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የሚሳሳት ልጅ የለም። እኔ ግን ያን ጊዜ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ በዚያው ወር ከእናቴ ጋር የቤታችንን መደብ ጠግነን ነበርና ሥራውንም አውቀዋለሁ። በዚያ ላይ አያ ኑሩ ተክል እንደ ሹም ይቀመጣል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሥራዬን በሥርዓት ሠራሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ደረደርሁ። ቀጥሎ ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር በእግሬ አቦካሁ። ከዚያ መረግሁ። ሲጠጥር በጠጠር አሸት አሸት እያደረግሁ ለሰንሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የአሪቲዋን ቡቃያ መደቡ መካከል ጭቃው እርጥብ ሳለ ሰካኋት፤ እንግዳ መካከል ላይ ነው የሚቀመጠው።

እናቴ ጭቃ ተሸክሜ አየችኝና "ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ።

"ለአሪቲው መደብ እየሠራሁ ነው።"

"ጎሽ የኔ ልጅ!"

ዝናቡ ሲጀምር ቡሉኮ ስላልነበረን በአሮጌ ገሳ፣ ከሣር በተጎነጎነው የዝናብ ልብስ፣ ሸፈንሁት። ለእማሆይም በአጥር ላይ ነገርኋቸው። "እማሆይ፣ አሪቲውን ገሳ አለበስሁት።"

"ደግ አደረግሽ፤ በረዶ እንዳይመታው።"

እማሆይ በክረምት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ጫፍ አይወርዱም። እናቴ ስታልፍ ገሳውን ታያለች፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አትጠራጠርም። አባባ ማታ ማታ "አሪቲው እንዴት ነው?" ይሉኛል። እኔ በገሳው ቀዳዳ አጮልቄ አይቼዋለሁ፤ ቅጠሉን ጥሎ በጎኑ ጋደም ብሏል።

"ተኝቷል፣ አባባ።"

"ይተኛ፤ ሥር እየሰደደ ነው።"

ይህን ሲሉ ደስ አለኝ።

ክረምቱ አንድ ስጦታ ይዞ መጣ። ጦስኙ ያዘ፣ ጤና አዳሙ ተንዠረገገ፣ ናናው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ወረሰው። አባባ በየቀኑ እስከ ቦዩ ብቻቸውን መሄድ ቻሉ። በትራቸውን እየወዘወዙ፣ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ሲሄዱ ሲያነቡ ይመስሉ ነበር፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። ቦዩ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ እናቴ እጃቸውን ትይዛለች። "አሪቲው ሲያድግ" ይሏታል። "አሪቲው ሲያድግ ትተይኛለሽ።"

በጳጉሜን ፀሐይ ብቅ አለች። እማሆይም በትር ይዘው ወርደው መጡ። "እስቲ ያንን አሪቲ ልየው" ብለው ገሳውን ገለጡት።

ከገሳው ሥር ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ልስልስ ያለ፣ ጠንካራ መደብ ነበር። መካከሉ ላይ አንዲት ደረቅ ጭራሮ ተሰክታለች።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች እናቴ።

"መደብ" አልሁ።

እናቴ ወደ ካቡ አየች፣ ወደ እኔ አየች። "አባቴን ልትገድይብኝ ነው?" አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ገና አልገባኝም፤ ግን አጎቴ አባባን የሚወስዳቸው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ገባኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ እማሆይ። "አፈር ከምሪ ማለት ሲገባኝ!" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ብንተክልም እጅ የሚደርስበት ለመሆን ሌላ ክረምት ይፈልጋል። ደስታ ደግሞ ሊመጣ ሳምንታት ናቸው የቀሩት። ይህንንም እናፍርስ ብንል ካቡን እናናጋዋለን።"

አባባ ከቦዩ ማዶ ቆመው "ምንድን ነው የምታንሾካሽኩት?" አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። አባባ አጎነበሱና መደቡን ዳበሱት፤ ብራና ሲመርጡ እንደሚያደርጉት በመዳፋቸው ወዲያና ወዲህ አሹት።

"ማን ለሰነው?"

"እኔ" አልሁ በለቅሶ።

"በምን?"

"በጠጠር።"

"ብራናም በድንጋይ ነው የሚለሰልሰው" አሉና ተቀመጡበት። ደረቋን ጭራሮ ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጧት። "ለአሪቲ ጠንክሮበታል። ለሽማግሌ ግን ልክ ነው። አታልቅሺ። ዝናብ የሸረሸረውን ጎኑን መልሰሽ መርጊው፤ እኔ እቀመጥበታለሁ። በየሦስት ቀኑ መርጊው፤ እርጥብ እርጥቡ ይሻላል።"

መቀመጫ እርጥብ ለምን እንደሚሻል አልጠየቅሁም። ቅጣቴ መስሎኝ በየሦስት ቀኑ መረግሁ። የራሴንም መላ አበጀሁ፤ በየማለዳው ከእማሆይ ጓሮ አሪቲ እየሸመጠጥሁ መደቡ ላይ አስቀምጣለሁ። አባባ ከቤት ይወጣሉ፣ ጦስኙን፣ ጤና አዳሙን፣ ናናውን ያልፋሉ፤ ጫፍ ሊደርሱ ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እኔ በአሪቲዬ ኮራሁ። እናቴም ይህን ስታይ ልቧ ረጋ፤ አሪቲውን ማን እንደሚያስቀምጥ ታውቃለች፣ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም። ያልታሰበበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አባባ ብቻቸውን የሚሄዱት እኔ ማልጄ ከተነሣሁ ነው።

አጎቴ ደስታ መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን መጣ። በዚያን ዕለት ማለዳ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ከተማውን ዋጠው። የራሴን እጅ ስዘረጋ ጣቶቼ ይጠፉ ነበር። እማሆይ ጓሮ ገብቼ አሪቲውን በዳበሳ ስፈልግ ከታች የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አጎቴ አጥሩ በር ላይ ሲጣራ። የጨበጥሁትን ጨብጬ ከጓሮ በኩል ሮጥሁ። በራችን ላይ ስደርስ እናቴ ብቻዋን ቆማለች።

"አባባስ?"

"ወጡ። ልጄን ልቀበለው ብለው።" እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። "እንዳትናገሪ። ደስታ ይያቸው።"

"እማዬ" አልሁና እጄን አነሣሁላት። እፍኝ ሙሉ አሪቲ ነበር።

እናቴ አሪቲውን አየች። ጣቶቿ ትከሻዬ ውስጥ ገቡ። ብትጣራ አባባ ደንግጠው እርምጃቸው ይዛባል፤ ዝም ብትል ደግሞ ወደ ጫፍ እየሄዱ ነው። ጉሙ ውስጥ የሚሰማው በትራቸው ብቻ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ጦስኙ ሸተተን። ቆየት ብሎ በትራቸው ውሃ ነካ፤ ቦዩን ተሻገሩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ከታች አጎቴ ጮኸ። "አባባ! ባሉበት ይቁሙ! እኔ እመጣለሁ!" ሲሮጥ ሰማነው። መንገዱን ግን የሚያውቀው ከሦስት ዓመት በፊት በነበረበት ነው፤ እኛ አዙረነዋል። አንድ ነገር ዷ አለ። "ወይኔ!" የሚል ድምፅ መጣና ጸጥ አለ።

"አባባ!" ብላ እናቴ ጮኸች።

የአባባ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ በዝግታ መጣ። "እኔ ቆሜያለሁ። የወደቀው ወንድምሽ ነው። ደስታ፣ ተነሥ። ወደ ፊት ብቻ እንዳትል፤ ከፊትህ መሬት የለም።"

ስንደርስ አጎቴ መደቡ ላይ በሆዱ ተዘርግቶ፣ ራሱ ከካቡ ውጭ ተንጠልጥሏል። የጠመጠመው ሻሽ ከታች የጎረቤት ጣራ ላይ ወድቋል። አባባ የነጠላውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘውታል።

አጎቴ ራሱን ወደ ኋላ ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ይህን ደጅ ላይ ማን ሠራው?" አለ።

"ብርቄ ለአሪቲው የሠራችው መደብ ነው" አሉ አባባ።

"አሪቲው የታለ?"

"ሞተ።"

አጎቴ አባባን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ሳቅ አፈነው። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ መናገር ነበረብኝ።

"አባባ፣ ዛሬ አሪቲውን አላስቀመጥሁም። ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።"

"አሪቲውን?" አሉ። "እሱማ ከተቆረጠ ወዲያው ይጠወልጋል፤ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ልብሽ ደስ እንዲለው ብዬ ዝም አልሁ እንጂ እኔ ለእሱ ቆሜም አላውቅ።"

"ታዲያ በምን ያውቃሉ?"

"በጭቃው። አንቺ የመረግሽው ጭድና እበት ሲረጥብ ይሸተኛል፤ ቤት ቤት ይላል። ደጅ ቆሜ፣ ነፋሱ እየመታኝ የቤት ሽታ ከመጣብኝ ያለሁት ጫፍ ላይ ነው። ሌላ የትም እንዲህ ያለ ነገር የለም።" መደቡን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "በየሦስት ቀኑ መርጊው ያልሁሽ ስለዚህ ነው።"

አጎቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን አባባን ተከትሎ ከበር እስከ አጥር ሰባት ጊዜ ተመላለሰ። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን በነጠላው አስሮ ራሱ ሞከረው፤ ቦዩ ውስጥ ገባ። ስለ መውሰድ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ እራት ላይ እንደ ዘበት "እንጦጦ ነፋሱ ክፉ ነው" አለ። "ሚስቴ ግቢው ጭር አለብኝ እያለች ታዝናለች። የተከለችው ሁሉ እየተነቀለባት ነው።"

በማግስቱ እማሆይና ጨው አራግፎ የሚመለሰው አያ ኑሩ ተጠሩ። ያ ክርክር እንደገና ተጀመረ፤ ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል፣ አጥሩ የት ይሁን፣ ውሃው በየት ይግባ። አጎቴ ሁሉንም በጣቱ እየቆጠረ ያዘ። በመጨረሻ እማሆይ ተነፈሱና "ለነፋስስ ጎድጓዳ ነው የሚሻለው፤ ቆፍራ ትትከል" አሉ።

አያ ኑሩ ዘሎ ተነሣ። "አልሐምዱሊላህ! ሁላችሁም ሰምታችኋል!"

"ለእንጦጦ ነው ያልሁት" አሉ እማሆይ።

አጎቴ ለአባባ አንዲት በቅሎ ስቦ መጥቶ ነበር። ለአባባ ብሎ የሰፋው ኮርቻ መደገፊያ ያለው፣ ጎንና ጎኑ በሱፍ የተሞላ፣ እንደ አልጋ የሚያስተኛ ነበር። አጎቴ በማለዳ ሲነሣ በዚያ ኮርቻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጤና አዳም፣ ናናና ጦስኝ ተቀምጦ ሄደ። አባባ አጥሩ በር ላይ ቆመው ኮርቻውን ዳበሱና "ጥሩ አድርገህ ሰፍተኸዋል" አሉት። "ለሚስትህም መደብ ሥራላት። ግን የትኛውን እንደምትፈልግ አስቀድመህ ጠይቃት።"

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ የበሩ መወርወሪያ ሲነሣ ሰማሁ። አባባ ለኪዳን መውጣታቸው ነው፤ ከሁዳዴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን። እናቴ ነቅታለች፤ ግን አልተነሣችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች። እኔ አላስችል አለኝና በባዶ እግሬ ከኋላቸው ሾለክሁ። ጠጠሩ እንዳይንኳኳብኝ መንገዱን ትቼ ዳር ዳሩን ረገጥሁ። አባባ ጤና አዳሙን በእጃቸው ዳበስ አድርገው አለፉ። ቦዩን ተሻገሩ። ጫፍ ሊደርሱ ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ፤ በትራቸውም መደቡን ፈልጎ ነካው። ከዚያ ሳይዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ደወሉ ድምፅ እንዳደረጉ፣

"ብርቄ" አሉ።

አንድ እግሬን እንዳነሣሁ ቆምሁ።

"ጦስኙን እየረገጥሽው ነው፤ ሸተተኝ። ተመለሺና ተኚ ልጄ፤ እኔ እደርሳለሁ።"